ከመዛሊም ችሎት እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም

 

ሰው በጎረቤቱ ቢበደል ሽማግሌ ይልካል፤ በሽማግሌ ካልሆነለትም ከቃዲ ወይም ከዳኛ ፊት ይቆማል። በዳዩ ራሱ ባለሥልጣን የሆነ እንደሆነስ? ግብር ሰብሳቢው ከልኩ በላይ ያስከፈለው ነጋዴ፣ ፋይልሽ ጠፍቷል እየተባለች ከቢሮ ቢሮ የምትንከራተት የየቲሞች እናት፣ ጡረታው ተቋርጦበት "ነገ ተመለስ" ሲባል ዓመት የሞላው አዛውንት ወዴት ይሂዱ? ከእነዚህ አንዱን በየቤታችን የማናውቅ ጥቂቶች ነን።

ይህን ችግር እንዲመለከት የሚቋቋመው መሥሪያ ቤት በአገራችን "እንባ ጠባቂ" የሚል ስም ተሰጥቶታል። በሌላው ዓለም "ኦምቡድስማን" ይሉታል። ቃሉ የስዊድን ነው፤ ትርጉሙም ወኪል ወይም እንደራሴ ማለት ነው። ስሙን በማየት ብቻ ነገሩን ሁሉ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ሥርዓት አድርጎ የሚቆጥር አለ። ከእኛ ወገን ደግሞ "ይህማ ከእኛ የተወሰደ ነው" ብሎ የሚኮራ አይጠፋም። ሁለቱም ታሪኩን በቅጡ የመረመሩ አይመስለኝም። እስቲ ከመነሻው አብረን እንየው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ.) ወደ የመን በላኩ ጊዜ የሰጧቸውን ትእዛዝ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ወደ ተውሒድ እንዲጠሩ፣ ሶላትን እንዲያስተምሩ፣ ዘካን ከሀብታሞች ወስደው ለድሆች እንዲመልሱ ካዘዟቸው በኋላ፣ ከሰዎቹ ገንዘብ ምርጥ ምርጡን እንዳይወስዱና የተበዳይን ዱዓ እንዲፈሩ አስጠነቀቋቸው፤ በእርሱና በአላህ መካከል ግርዶ የለምና። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲስ ስንጠቅስ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነጥለን ለማንኛውም በዳይ እናደርገዋለን። እርግጥ ለሁሉም ይሆናል። ነገር ግን በመጀመሪያ የተነገረው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ። የተነገረው ለወንበዴ ወይም ለሌባ አይደለም፤ በሕግ ተሹሞ፣ በሕግ ገንዘብ ሊሰበስብ ለሚሄድ የመንግሥት ሹም ነው። ያውም ከሶሐባዎች መካከል በዕውቀታቸው ለታወቁት ለሙዓዝ! እርሳቸው ይህ ማስጠንቀቂያ ካስፈለጋቸው ከእርሳቸው በኋላ ለመጣ ሹም ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን?

ከዚያም በፊት፣ ገና ወሕይ ሳይወርድ፣ በመካ የሆነ ነገር አለ። ከየመን የመጣ የዙበይድ ጎሣ ሰው ሸቀጡን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ይሸጥለታል። አል-ዓስ በከተማይቱ የተከበረ ሰው ነውና ዋጋውን ከለከለው። እንግዳው ሰው ዘመድ የለው፣ ጎሣ የለው፤ የሚከስበትም ሸንጎ አልነበረም። አቡ ቁበይስ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በደሉን ጮኸ። ከቁረይሽ ጎሣዎች ጥቂቶቹ በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡና በመካ የተበደለ ሁሉ፣ የአገር ልጅም ይሁን መጤ፣ መብቱ እስኪመለስለት አብረውት ሊቆሙ ተማማሉ። ይህ ቃል ኪዳን ሒልፉል ፉዱል ይባላል። ነቢያችን በወጣትነታቸው በዚያ ቤት ተገኝተው ነበር፤ በእስልምና ዘመንም ወደ እንዲህ ያለው ቃል ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የባግዳዱ ሊቅ አቡል ሐሰን አል-ማወርዲ (በ450 ዓመተ ሒጅራ፣ በ1058 እ.ኤ.አ. የሞቱት) ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፉት "አል-አሕካሙ ሱልጧኒያ" በተባለው ኪታብ ስለ መዛሊም ችሎት ሲናገሩ ይህን ቃል ኪዳን ያነሡታል።

መዛሊም ማለት በደሎች ማለት ነው። የመዛሊም ችሎትም ቃዲው ሊደፍራቸው የማይችላቸውን ጉዳዮች የሚያይ ሸንጎ ነበር። ቃዲ በሁለት ባላጋራዎች መካከል ይፈርዳል፤ ነገር ግን ከባላጋራዎቹ አንዱ የአውራጃ ገዥ ወይም የጦር አዛዥ ቢሆን መጥሪያውን ማን ያደርስለታል? ስለዚህም ከኡመያ ኸሊፋዎች ዐብዱል መሊክ ኢብን መርዋን (685–705 እ.ኤ.አ.) ለአቤቱታ ብቻ የተለየ ቀን መደቡ። ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ (717–720 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የገዛ ቤተሰባቸው የነጠቀውን መመለስ ጀመሩ።

ስለ እርሳቸው አል-ማወርዲ የሚያወሱት አንድ ታሪክ ለዛሬም ቢሮ የሚሆን ነው። ዑመር ወደ ሶላት ሲሄዱ ከየመን የመጣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ያገኛቸውና መሬቱን የቀድሞው ኸሊፋ አል-ወሊድ እንደወሰደበት ይነግራቸዋል። ዑመር ምስክር አምጣ አላሉትም። የመንግሥት መሬት የተመዘገበበት ደብተር እንዲመጣ አዘዙ። ደብተሩ ሲገለጥ የሰውየው መሬት ለአል-ወሊድ መደረጉ ተጽፎ ተገኘ። ከመዝገቡ እንዲሰረዝ፣ መሬቱም ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ለመንገዱ ያወጣውም ወጪ እጥፍ ሆኖ እንዲከፈለው ወሰኑ። እንግዲህ አስቡት፤ ባለጉዳዩ ማስረጃ ይዞ አልመጣም፤ ማስረጃው በበዳዩ መዝገብ ውስጥ ነበር፤ መዝገቡን የማስከፈት ሥልጣን ያለው ሰው ግን ተገኘለት። የመንገዱ ወጪ ነገር ደግሞ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው። ዛሬ ለአንድ ፊርማ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል የሚመላለስ ሰው የአውቶቡሱንና የአልቤርጎውን ሂሳብ ማን አስቦለት ያውቃል?

አል-ማወርዲ የመዛሊም ችሎት የሚያያቸውን አሥር ዓይነት ጉዳዮች ዘርዝረዋል። ሁሉን እዚህ መደርደር አያስፈልግም፤ ዋና ዋናዎቹን ብንጠቅስ ይበቃል። የገዥዎች ግፍ፣ የግብር ሰብሳቢዎች ከልክ ማለፍ፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች መዝገብ ማዛባት፣ የደመወዝተኞች ክፍያ መጉደል ወይም መዘግየት፣ በጉልበት የተነጠቀ ንብረት፣ የወቅፍ አጠባበቅ፣ እንዲሁም ቃዲው ፈርዶ ማስፈጸም ያቃተው ፍርድ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሹሙ ከሳሽ ሳይመጣ በራሱ አነሳሽነት እንዲመረምር ይጠበቅበታል፤ የገዥዎች ግፍና የግብር ጉዳይ የዚህ ዓይነት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሾመው ሰው ትእዛዙ የሚፈጸምለት፣ የሚፈራ፣ ስሙ ንጹሕ የሆነና ስግብግብነት የሌለበት እንዲሆን ይፈለጋል። ጉልበትና ንጽሕና በአንድ ሰው ላይ እንዲገናኙ ማለት ነው። ብቻውንም አይቀመጥም፤ ፉቀሃዎች፣ ቃዲዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ምስክሮችና የጥበቃ ሰዎች አብረውት ይገኛሉ።

በ306 ዓመተ ሒጅራ (918 እ.ኤ.አ. ገደማ) በባግዳድ ለዚህ ችሎት ሱመል የተባለች ሴት ተሹማ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የሾመቻት የኸሊፋ አል-ሙቅተዲር እናት ናት። ሕዝቡ መጀመሪያ ነገሩን አልወደደውም፤ በማግሥቱ ግን ቃዲ ይዛ ተቀመጠችና የአቤቱታ ወረቀቶቹን አየች።

በዐባሲያው ኸሊፋ አል-መእሙን (813–833 እ.ኤ.አ.) ዘመን የሆነውን ግን ዘለግ አድርገን ማየት አለብን፤ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚገኘው እዚያ ነው። አል-መእሙን እሑድ እሑድ ለመዛሊም ይቀመጥ ነበር። አንዲት የነተበ ልብስ የለበሰች ሴት ቀርባ መሬቷን እንደተነጠቀች ትናገራለች። ባላጋራሽ ማን ነው ስትባል ከኸሊፋው ራስጌ የቆመውን ወጣት አመለከተች። ልጁ አል-ዐባስ ነበር። አል-መእሙን ልጁን ከሴቲቱ እኩል አስቀምጦ ጉዳዩን እንዲመረምር ቃዲውን የሕያ ኢብን አክሠምን አዘዘ፤ አንዳንዶች ያዘዘው ወዚሩን ነው ይላሉ። በክርክሩ መካከል የሴቲቱ ድምፅ ከፍ ሲል አንድ ዘበኛ ሊገሥጻት ቢሞክር አል-መእሙን ተዋት አለው፤ እርሷን ያናገራት እውነት፣ ልጁን ዝም ያሰኘው ሐሰት ነው ብሎ። በመጨረሻም መሬቷ እንዲመለስላት ተፈረደ።

አባቶቻችን ይህን ታሪክ የፍትሕ ምሳሌ አድርገው ሲያወሩልን ኖረዋል፤ ነውም። አል-ማወርዲ ግን የሕግ ሰው ናቸውና ሌላ ነገር ይጠይቃሉ፤ አል-መእሙን እዚያው ተቀምጦ ሳለ ለምን ራሱ አልፈረደም? ፍርዱ ለልጁ ሊሆን ይችላል፤ አባት ደግሞ በልጁ ላይ መፍረድ ቢችልም ለልጁ መፍረድ አይፈቀድለትም። በሌላ በኩል የኸሊፋ ልጅን በፍርድ ማስገደድ የሚችል ከኸሊፋው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ምርመራውን ለሌላ ሰጠ፤ ማስፈጸሙን ግን በእጁ አደረገ። ይህ ትንታኔ ከተጻፈ ከ900 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ስለ እንባ ጠባቂ ተቋማት ነጻነትና ሥልጣን የሚከራከሩ የሕግ ባለሙያዎች የሚይዙትም ይህንኑ ክር ነው፤ መርማሪው ከተከሳሹ ጋር ዝምድና የሌለው ማን ይሁን? ቃሉስ እንዴት ይፈጸም?

እውነቱን እንነጋገርና፣ የመዛሊም ችሎት ድክመትም ከዚሁ ቦታ ነው። ሴቲቱ መሬቷን ያገኘችው አል-መእሙን ስለፈቀደ ነው። በዳዩ አል-መእሙን ራሱ ቢሆን ኖሮ ለማን ታመለክት ነበር? ደጉ ኸሊፋ ሲሄድ ችሎቱም አብሮት ይሄዳል። በየሳምንቱ ለመዛሊም በመቀመጥ ከታወቁት ዐባሲያውያን የመጨረሻው አል-ሙህተዲ በ870 እ.ኤ.አ. አንድ ዓመት እንኳ ሳይነግሥ ወታደሮች ተነሥተውበት ተገደለ። ከ1154 እስከ 1174 እ.ኤ.አ. ደማስቆን የገዛው ኑረዲን ዘንጊ ለዚህ ሥራ "ዳሩል ዐድል" የተባለ ሕንፃ ሲያሠራ፣ ስመ ጥሩው አዛዥ ሺርኩህ (የሰላሑዲን አጎት) ወኪሎቹን ሰብስቦ ያለብንን የሰው ጉዳይ ሁሉ ባስቸኳይ ጨርሱ፣ በእናንተ ምክንያት ብጠራ ወዮላችሁ ብሎ እንዳስፈራራቸው ይነገራል። ሸንጎው ገና ሳይከፈት ሥራውን ጀመረ ማለት ነው! ነገር ግን ያም ቢሆን የሚፈራው ሕንፃው አልነበረም፤ ኑረዲን ነበር።

የሰው ነጻነት አልጠፋም። አል-ማወርዲ ራሳቸው በ429 ዓመተ ሒጅራ የባግዳዱ ገዥ ጀላሉ ደውላ "የነገሥታት ንጉሥ" ተብሎ መጠራት በፈለገ ጊዜ ሌሎች ዑለማዎች ሲፈቅዱለት፣ ወዳጁ ሆነው ሳለ አይሆንም አሉት፤ ከቤታቸውም ዋሉ። ገዥው አስጠርቶ ስለ ቆራጥነታቸው አከበራቸው እንጂ አልቀጣቸውም። ታዲያ ባይከብሩስ ኖሮ? የሚጠብቃቸው ሕግ አልነበረም።

ታሪኩ ወደ አውሮፓ የሚሻገረው በዑስማኒያ ምድር በኩል መሆኑ የአላህ ሥራ ያሰኛል። የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 12ኛ በ1709 እ.ኤ.አ. ፖልታቫ ላይ በሩሲያው ጴጥሮስ ተሸንፎ ወደ ዑስማኒያ ግዛት ሸሸ። ለ5 ዓመታት ያህል በሙስሊሞች ምድር ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ዛሬ በሞልዶቫ በምትገኘው በቤንደር፣ ኋላም በኤዲርኔ አጠገብ። አገሩ ያለ ንጉሥ ቆይታ ሹማምንቱ እንደፈቀዱ መሆናቸውን ሲሰማ፣ በጥቅምት 1713 እ.ኤ.አ. ከኤዲርኔ አጠገብ ከምትገኘው ከቲሙርታሽ ሆኖ ሹሞች ሕግ መጠበቃቸውን የሚከታተል "ከፍተኛ ኦምቡድስማን" እንዲሾም አዘዘ። ሐሳቡን ከዑስማኒያ ሥርዓት ወሰደ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ከስዊድን የቀድሞ ልማድ የመነጨ ነው የሚሉም አሉ። ንጉሡ በዚያ ቆይታው ሱልጣን ዘንድ አቤቱታ ሲቀርብ ማየቱ የማይቀር ቢመስልም፣ ከዚያ ቀዳሁ ብሎ የጻፈው ነገር ካልተገኘ በቀር ይህ ጸሐፊ ከመገመት አያልፍም። ያልተረጋገጠን ነገር ለኩራት ብለን ማውራት የእኛ ዲን አይደለም።

ለነገሩ የ1713ቱ ኦምቡድስማን ንጉሡ የሚሾመው፣ ለንጉሡ የሚያገለግል ሰው ነበር፤ በዚህ ከመዛሊም ሹም ብዙም አይለይም። የተለየው ነገር የመጣው ከ96 ዓመት በኋላ ነው። በ1809 እ.ኤ.አ. ስዊድናውያን ንጉሣቸውን ከዙፋን አውርደው አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያወጡ ኦምቡድስማኑን የሚመርጠው ፓርላማው እንዲሆን ደነገጉ። በ1810 የመጀመሪያው ተመራጭ ላርስ አውጉስቲን ማነርሄይም ሥራ ጀመረ። ሕግ የጣሰ ሹም ሲያገኝም ፍርድ ቤት አቅርቦ የመክሰስ ሥልጣን ነበረው። አል-መእሙን በአንድ እሑድ በራሱ ፈቃድ ያደረገው የመርማሪና የተከሳሽ መለያየት በዚህ ጊዜ ቋሚ ሕግ ሆነ።

ዴንማርክ ሥርዓቱን በ1955 እ.ኤ.አ. ስትጀምር የመክሰሱን ነገር አለዝባ በምርመራ፣ በወቀሳና በምክር ላይ እንዲመሠረት አደረገችው። በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው ይህ ለስላሳው ዓይነት ነው። ኒውዚላንድ በ1962፣ በአፍሪካ ደግሞ ታንዛኒያ በ1966 ተከተሉ። በሙስሊሙ ዓለም ፓኪስታን በ1983 እ.ኤ.አ. ተቋሙን ስታቆም "ሞሕተሲብ" የሚለውን ጥንታዊ ስም ሰጠችው። ያቋቋመው የወታደራዊ አገዛዝ ትእዛዝ ነው። ሹሙ አንዴ ለ4 ዓመት ይሾማል፣ አይደገምም፤ ይህ መልካም ነው፤ ሌላ ሹመት የሚያጓጓው ሰው አፉን ይይዛልና። ነገር ግን የወቀሰው መሥሪያ ቤት ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይግባኝ ማለት ይችላል። ሞሮኮም በ2001 እ.ኤ.አ. በንጉሡ ድንጋጌ "ዲዋኑል መዛሊም" ብላ አቋቁማ ነበር፤ በ2011 በሌላ ተቋም ተክታዋለች። ስሙ ሲመለስ ደስ ይላል። ዋናው ጉዳይ ግን ሹሙን የሚሾመውና የሚያነሣው ማን እንደሆነ፣ በማን በር እንዳይገባ እንደተከለከለ፣ ቃሉ ችላ ሲባልም ምን እንደሚሆን ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በዳዩን ሹም ለንጉሥ መክሰስ በአገራችንም የኖረ ነገር ነው። ሰው ከሩቅ አገር ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ በንጉሥ ደጅ "አቤት! አቤት!" እያለ ይጮህ ነበር፤ "አቤቱታ" የሚለው ቃላችን እዚያ ነው ያለው። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት በዙፋን ችሎት እየተቀመጡ አቤቱታ ይሰሙ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ዙፋኑም ችሎቱም አብረው ቀሩ። የመዛሊም ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም አዘዘ። አዋጅ ቁጥር 211/1992 ወጣ፤ በ2011 ዓ.ም.ም በአዋጅ ቁጥር 1142 ተሻሻለ። በመጀመሪያው አዋጅ መሠረት ዋናውን እንባ ጠባቂ የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ የሹመቱም ዘመን 5 ዓመት ተደርጎ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ምክር ቤት የሕግ ባለሙያዎች በቬኒስ ያወጧቸው 25 መርሖዎች ግን ዘመኑ ከሾመው አካል ዘመን እንዲረዝም፣ ከ7 ዓመት ባያንስና ባይደገም እንደሚሻል ይመክራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሾመው ምክር ቤትና ተሿሚው እኩል መጥተው እኩል የሚሄዱ ከሆነ ዝምድናቸው የአባትና የልጅ ይሆናል።

አዋጁ የዘጋቸውም በሮች አሉ። በምርጫ የተቋቋሙ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የወሰኑትን፣ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ፣ በዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በመጣራት ላይ ያለን ጉዳይ፣ የጸጥታና የመከላከያ ኃይሎች ስለ አገር ደኅንነት የሚወስኑትን ተቋሙ አይመረምርም። የፍርድ ቤቱ ተገቢ ነው፤ ዳኛም ነጻ መሆን አለበትና። ስለ መጨረሻው ግን እጠይቃለሁ። አል-ማወርዲ ለመዛሊም የሚፈራ ሰው ያስፈልጋል ያሉት ቃዲው በጦር አዛዡ ደጅ ስለማይደፍር ነበር። ዛሬ ደኅንነት የሚለው ቃል ከተነሣ፣ የእናት እንባ ከወታደር ቤት ደጅ ሲፈስ የሚጠብቀው ማን ነው? ሌላው ደግሞ ተቋሙ መርምሮ በደል ሲያገኝ የሚያቀርበው የመፍትሔ ሐሳብ ነው፤ ለምክር ቤቱም ሪፖርት ያደርጋል። እንደ ማነርሄይም ሹሙን ችሎት አያቆምም።

ይህን ማለቴ ተቋሙ አይረባም ለማለት አይደለም። ጥርሱ ቢደክምም ዓይን አለው፤ መዝገብ ማስመጣት፣ ሹም ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይከፈልም። በጽሑፍ ያልሆነለት በቃል ማቅረብ ይችላል፤ ስለዚህ መጻፍ የማይችሉ እናትና አባት ያላችሁ በጸሐፊ እጦት ቤት አይቅሩ። ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለወላጁ ማመልከት ይፈቀዳል። ከመሄዳችሁ በፊት አቤቱታውን ለበደለው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቅርቡና የሰጡትን መልስ ያዙ፤ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀኑን፣ ማን ምን እንዳላችሁ በደብተር ጻፉ። የየመኑን ሰው መሬት ያስመለሰው የመዝገቡ ጽሑፍ እንደነበር አትርሱ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ካስገባችሁት ግን እንባ ጠባቂው አይቀበላችሁም፤ የትኛውን በር እንደምታንኳኩ በቤት ውስጥ ተመካክራችሁ ወስኑ። ወላሁ አዕለም።